ቅቤ የነካ እጅ ጾም ያፈርሳል?

ጥያቄ፦ የኔታ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከፍኖተ ሰላም ነው። የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ቤቴ ውስጥ ኩኪስና ኬክ እየጋገርኩ እሸጣለሁ። ዘንድሮ ውጭ አገር ያለችው እኅቴ የኮከብ፣ የዛፍና የሽማግሌ ቅርጽ ማውጫ ላከችልኝ፤ ለገና ትእዛዙ በዛልኝ። ችግሩ ጾመ ነቢያት ላይ ነን። ኩኪሱ ቅቤና እንቁላል አለው። ለበዓሉ እንዲደርስ ደግሞ አስቀድሜ መጋገር አለብኝ። አማቴ «ቅቤ የነካ እጅ ጾም አፍርሷል» ብለው ወጥ ቤት መግባት ትተዋል። እውነት ጾሜን አፍርሻለሁ? ጣዕሙን ለማወቅ ጫፏን ብቻ ብቀምስስ? አንዳንድ ደንበኞች ደግሞ «ለፈረንጆቹ ገና» ብለው ለታኅሣሥ 16 አዝዘዋል። የጾም አድርጌ በዘይት ብሠራላቸው ይፈቀዳል? ጎረቤቴ በበኩሏ ቅርጹን አይታ «ይኼ ባዕድ አምልኮ ነው» አለችኝ። ግራ ገባኝ።

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ እኅቴ። ጥያቄሽ አንድ መስሎ መጥቶ አራት አምስት ሆነብኝ። ከአማትሽ ልጀምር።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለገና ዶሮውን የምትሠሪው መቼ ነው? ዋዜማውን አይደለም? ሽንኩርቱ ከቀትር ጀምሮ ይከተፋል። ቁሌቱ ሲንተከተክ ያመሻል። ዶሮው ይታረዳል፣ ይገነጠላል፣ በሎሚና በጨው እየታጠበ ይነጣል። ንጥር ቅቤው ይገባል። እንቁላሉ ተቀቅሎ ይላጣል። ይኼ ሁሉ የሚሆነው በገሃድ ነው፤ ማለትም በጾም ቀን። ቤቱ እንደዚያ እየሸተተ ሰው ነጠላውን አጣፍቶ ለሌሊቱ ቅዳሴ ይሄዳል። ያቺን ሙያተኛ «ጾም አፈረስሽ» ያላት ቄስ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። አማትሽም በዘመናቸው ስንት ገና እንዲህ አድርገው አሳልፈዋል።

ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ስለ ጾም ሲናገር፣ ጾም ማለት ሰው በታወቀ ጊዜ ከምግብ መከልከሉ ነው ይላል። የተከለከልሽው መብላቱን ነው። በእጅሽ ማቡካቱን አይደለም።

ግን አማትሽ ከመሬት ተነሥተው አልተናገሩም። በእናቶቻችን ቤት የጾም ድስትና የፍስክ ድስት ለየብቻ ነበር። ሸክላ ቅቤ ይጠጣል። ስታጥቢው የጠራ ይመስላል፤ እሳት ሲነካው የጠጣውን ያወጣዋል። እሳቸው ያደጉት በዚያ ጥንቃቄ ነው። ስለዚህ ለቅቤው ሥራ አንድ ትሪና አንድ ሳሕን ለይለት። ያንኑ ዕቃ ለጾሙም የምትጠቀሚበት ከሆነ በፈላ ውኃና በሳሙና እሺ። መለየትሽን አማትሽ በዓይናቸው ይዩት። ግማሹ ጭቅጭቅ እዚያው ላይ ያልቃል።

መቅመሱን ግን አልፈቅድልሽም። «ቀምሼ እተፋዋለሁ» የሚሉም አሉ። እሱ ከራስ ጋር ድብብቆሽ መጫወት ነው። እናቴ ወጡን በማማሰያ ጨልፋ ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋው ነበር። ዓይኗን ጨፈን ታደርጋለች። ትንሽ ዝም ትላለች። ከዚያ «ጨው አንሶታል» ትላለች፤ ልክ ነበረች። አንድ ገና ብቻ ስታለች። አባቴ ምንም ሳይናገር ውኃውን ሲደጋግም አሁንም ይታየኛል።

እኔም ዲያቆን ሳለሁ ሌሊት ቤተልሔም ገብቼ የመሥዋዕቱን ኅብስት ጋግሬያለሁ። እንደምታውቂው በየቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ኅብስቱ የሚሰናዳበት ቤት በጌታ የልደት ከተማ ስም ይጠራል፤ ትርጉሙም የእንጀራ ቤት ማለት ነው። የታኅሣሥ ውርጭ ውጭ ያንቀጠቅጣል፣ ውስጥ ትኩስ ስንዴ ይሸታል፣ ሆድ ባዶ ነው። ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ ከዚህ የባሰ ፈተና የለም። ግን ማንም ሳይቀምሰው ይበስላል። ያንቺ ሥራ ደግሞ ከወጥም ይቀልላል፤ ኩኪስ በሚዛንና በስኒ ይለካል። ባለፈው ዓመት የወደዱልሽን ልክ ጻፊና በሱ ሂጂ። የግድ መቀመስ ካለበት ጾም ያልጀመረ ትንሽ ልጅ አለሽ መሰለኝ። እሱን ጥሪው፣ ሁለት ጊዜ አያስጠራሽም።

ረስተሽ ጣትሽን ብትልሺስ? ይኼ ያጋጥማል። ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸውና ሥራሽን ቀጥይ። ከዚያ በላይ አትጨነቂ።

ጊዜውን በተመለከተ አንድ ምክር አለኝ። ዶሮ የሚሠራው ዋዜማውን ነው፤ ሁለት ሳምንት ቀድሞ የሚሠራ የለም። አንቺም የቅቤውን ኩኪስ ወደ መጨረሻው ሁለት ሦስት ቀን ግፊው። ቤትሽ ውስጥ ሦስት ልጆች አሉ። ለሁለት ሳምንት በቆርቆሮ የተሞላ ኩኪስ መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ «እንዳትነኩ» ማለት እነሱንም መፈተን ነው፣ አንቺንም በቁጣ ጾምሽን ማስጨረስ ነው።

አሁን ወደ ዘይቱ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ዋናው ነገር ይኼ ስለሆነ።

በዘይት የተጋገረ፣ ወተትም እንቁላልም ያልገባበት ኩኪስ ጾም አያስፈታም። በሕጉ ልክ ነው። ግን ይኼ ጾም የማን ጾም ነው? የነቢያት። ከነቢያቱ አንዱ ዳንኤል ስለ ራሱ ጾም ሲናገር ሥጋና ጠጅ በአፌ አልገባም ብቻ አላለም፤ ማለፊያ እንጀራም አልበላሁም ብሏል። ምዕራፍ 10 ላይ ታገኚዋለሽ። ማለፊያ እንጀራ ቅቤ የለበትም ይሆናል። ግን ይጣፍጣል፣ ያምራል፣ ሰውን ይጎትታል። ዳንኤል ሦስት ሳምንት ሙሉ እሱንም ተወው። እኛ ግን ከኅዳር 15 ጀምሮ በየቀኑ «የጾም» የሚል ስም የተለጠፈበት ጣፋጭ ስንፈልግ እንውላለን። የጾም ኬክ፣ የጾም አይስክሬም፣ የጾም በርገር። ስሙ ጾም ነው፣ ሆዱ ፋሲካ ላይ ነው።

እንዲህ ስል ኩኪስሽን ጣይው ማለቴ አይደለም። ልጆች ትምህርት ቤት ይዘውት ይሄዳሉ፣ እንግዳ ይመጣል፣ ሰው ከ9 ሰዓት በኋላ በሻይ አንዲት ፍሬ ይወስዳል። ይኼ ምንም አይደለም። ጠዋትም ቀትርም ማታም ሲሆን ነው የሚከፋው።

ስለ ፈረንጆቹ ደግሞ የሚያስቀኝ ነገር አለ። ጎረቤትሽ እነሱ ጾም የማያውቁ ይመስላታል። ድሮ እኮ እነሱም ከልደት በፊት ይጾሙ ነበር፤ ቅቤም አይበሉም ነበር። ጀርመን ውስጥ በሳክሶኒ ስቶለን የሚባል የገና ዳቦ አለ። ዛሬ ቅቤና ዘቢብ ሞልቶት፣ ላዩ በስኳር ነጭ ሆኖ ነው የሚቀርበው። በጾሙ ዘመን ግን በዱቄት፣ በውኃና በዘይት ብቻ የሚጋገር ደረቅ ነገር ነበር። የአገሩ መሳፍንት ዘይት በኛ አገር ብርቅ ነው ብለው ቅቤ እንዲፈቀድላቸው ወደ ሮም ጻፉ። ሲከለከሉ ቆይተው በ1491 እ.ኤ.አ. ፓፓ ኢኖሰንት 8ኛ ፈቀዱላቸው። ያም በነፃ አልነበረም፤ ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ገንዘብ እየከፈሉ ነው። ደብዳቤው እስከ ዛሬ «የቅቤ ደብዳቤ» ይባላል።

እነሱስ ዘይት ጠፋ ብለው ነው። ጎጃም ላይ ሆኖ ዘይት አጣሁ የሚል ማን ነው? ጥቅምት ላይ መንገድ ዳሩ ሁሉ በኑግ አበባ ቢጫ ይሆናል። የኑግ ዘይት ለኩኪስ ሽታው ይከብዳል ካልሽ የሱፍ አለ። ማርጋሪን ስትገዢ ግን ጀርባውን አንብቢ። ከወተት የተወሰደ ነገር የሚገባበት አለ፤ ሁሉም የአትክልት ነው ብለሽ እንዳትሞኚ።

ይኼን የምልሽ ስለደረሰብኝ ነው። አንድ ጊዜ በጾም፣ ከስብሰባ ወጥተን አንድ ኬክ ቤት ገባን። «የጾም ነው?» አልኩ። «አዎ አባ፣ የጾም ነው» አለ ልጁ። በላሁት። ላዩ ግን እንደ ቀለም ያበራል። ምን ቀብታችሁት ነው እንዲህ ያበራው ብዬ ስጠይቅ «እንቁላል ነው፣ ግን ላዩን ብቻ» አለኝ። ላዩን ብቻ! ልጁ ሊያታልለኝ እንዳልሆነ ገብቶኛል። እኔ ግን ለሳምንት ያህል ያ የሚያበራ ኬክ ከዓይኔ አልጠፋም።

የምትሸጪ ሰው ስለሆንሽ ይኼ ላንቺ ከቅቤውም ይብሳል። የጾም ብለሽ የሸጥሽው እስከ ላዩ ድረስ የጾም ይሁን። ቅቤ ያለውን ደግሞ ቅቤ አለው ብለሽ ንገሪያቸው። በላስቲኩ ላይ ጻፊበት። ለገና ቀን ብለው ያዘዙትን በዋዜማው ማስረከብ ምንም የለበትም። በጾም ቀን ሊበላው የመጣ ክርስቲያን ከሆነ የዘይቱን አሳዪው። ከዚያ ያለፈው የሱ ነው፤ አንቺ የማንም ንስሐ አባት አይደለሽም። የማይጾም የሌላ እምነት ሰው ቢገዛሽ ደግሞ ሽጪለት።

የታኅሣሥ 16 ነገር ይኼው ነው። ያ ቀን በነሱ ዘመን አቆጣጠር ዲሴምበር 25 ነው፤ ለኛ ግን ጾሙ ገና አላለቀም። የኛ ልደት ታኅሣሥ 29 ነው። ዘመነ ዮሐንስ ሲሆን ብቻ ወደ 28 ይመጣል። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ስልክ ደውሎ «መልካም ገና» ቢልሽ አሜን በዪ። ለታኅሣሥ 16 ያዘዙሽን በዘይት ሥሪላቸው። ልጆችሽን ግን በዚያ ቀን በዓል አታስመስዪባቸው። ሁለት ገና ያለው ልጅ አንዱንም አይጠብቅም።

ቅርጹን በአጭሩ ልለፈው። ኮከቡ ሰብአ ሰገልን የመራው ነው፤ ማቴዎስ ምዕራፍ 2። ምን ያስፈራል? ዛፉ ዛፍ ነው። ሽማግሌው ግን ደስ የሚል ታሪክ አለው። ያ ቀይ ለባሽ ሰውዬ መነሻው የሜራው ጳጳስ ቅዱስ ኒቆላዎስ ነው። የኛ ስንክሳርም ታኅሣሥ 10 ቀን ያስበዋል። ገንዘብ ያጡ ሦስት ልጃገረዶች ነበሩ፤ ሌሊት ማንም ሳያየው ወርቅ በከረጢት ወርውሮ ነው ያዳናቸው። ቅርጹን ስትቆርጪ ይኼን ለልጆችሽ ንገሪያቸው። ጎረቤትሽንም ጥሪያት፣ እሷም ትስማ። በድፎ ዳቦ ላይ መስቀል ምልክት አድርገን የምንጋግር ሰዎች በቅርጽ አንጣላም።

ስለ በዓሉ ቀን ነህምያ 8 ላይ የተጻፈውን አንብቢው። የሰባውን ብሉ፣ ጣፋጩን ጠጡ፣ ላልተዘጋጀላቸውም ድርሻቸውን ላኩ ይላል። ጣፋጩ ተፈቅዷል፤ ግን ድርሻ የሚላክለት ሰው አለ። በዚህ ወቅት በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል የአብነት ተማሪ ታያለሽ። እኔም በአኩፋዳ ቁራሽ ለምኜ ነው የተማርኩት። ብዙውን ጊዜ የሚደርሰን የደረቀ እንጀራ ነበር። አንዲት እናት አንድ ገና በኮባ የተጋገረ ትኩስ ዳቦ፣ ኮባው እንዳለ፣ አኩፋዳዬ ውስጥ ከተተችልኝ። ሙቀቱ ጎኔን ሲያሞቀኝ ጎጆዬ እስክደርስ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ስንት ድግስ በልቻለሁ፤ የማስታውሰው ያንን ነው። ከትእዛዙ የተሰበረውንና የተረፈውን ብቻ አትስጪ። ኮከቡ ሙሉ የሆነውን ስጪ።

ለባለሙያ ሙያ ማስተማር ነውር ባይሆን፣ ባለቤቴ በጾም የምትሠራውን ልንገርሽ። ዱቄት 3 ስኒ፣ ስኳር 1 ስኒ፣ የሱፍ ዘይት ሩብ የጎደለው 1 ስኒ፣ የብርቱካን ጭማቂ ግማሽ ስኒ። ቤኪንግ ፓውደር 2 የሻይ ማንኪያ፣ ቀረፋ 1 የሻይ ማንኪያ፣ ጨው ቁንጥር። ሊጡ እጅ ላይ ካልተጣበቀ ደርሷል። በ180 ዲግሪ 15 ደቂቃ ያህል። ሲወጣ ለስላሳ ነው፤ ያልበሰለ መስሎሽ እንዳትመልሺው፣ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል።

ያችን የመጀመሪያዋን ትሪ ስታወጪ አማትሽን ጥሪያቸው። ሳይቀምሱ አሽትተው ብቻ «ስኳሩ በዝቷል» ካሉሽ እመኛቸው።