ጎንደርን ምን ያዛት? ስለ ከተማ እድገት ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

*በዚህ እትም ስለ መካከለኛ ከተሞች እድገት ከጎንደር የደረሱንን ጥያቄዎች መርጠናል። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገናቸዋል።*

ጥያቄ፦ ባህር ዳርና ሀዋሳ ትናንት የተቆረቆሩ ከተሞች ናቸው፤ ዛሬ የት እንደደረሱ አገር ያያል። ጎንደር ግን የነገሥታት ከተማ ሆና ሳለ ባለችበት ናት። ምን ያዛት? (የልብስ ነጋዴ፣ ከፒያሳ)

በመጀመሪያ ቁጥሩን እንይ፤ በብዙ ሰው አእምሮ ካለው ሥዕል ጋር አይገጥምምና። በጥቅምት 1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ጎንደር 112 ሺህ ያህል ነዋሪ ነበራት፤ በግንቦት 1999 ዓ.ም. ቆጠራ 207 ሺህ ደረሰች። በ12 ዓመት ተኩል 84 በመቶ ጨመረች ማለት ነው። በዚያው ጊዜ ባህር ዳር ከ96 ሺህ ወደ 155 ሺህ አደገች፤ 62 በመቶ። ሀዋሳና መቀሌ ከእጥፍ በላይ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ ስላልተካሄደ አሁን የሚጠቀሱት አሃዞች ሁሉ ግምት ናቸው። የከተማ ወሰን ሲሰፋ በዙሪያው ያሉ የገጠር ቀበሌዎች ነዋሪዎች በአንድ ጀምበር «የከተማ ሰው» ሆነው እንደሚቆጠሩም አይርሱ፤ ሁለት ከተሞችን ሲያነጻጽሩ ሁልጊዜ ወሰናቸው መቼ እንደተከለለ ይጠይቁ።

በእርግጥ የዘገዩት ሌሎች ናቸው። በዚያው ዘመን ደሴ 23 በመቶ፣ ደብረ ማርቆስ 27 በመቶ፣ ጅማ 36 በመቶ ብቻ ነው የጨመሩት። ሦስቱም የወሎ፣ የጎጃምና የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተሞች የነበሩ ናቸው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ክልሎች ሲዋቀሩ ይህ ደረጃ ቀረባቸው። ዋና ከተማነት ሲሄድ የሚሄደው ስሙ ብቻ አይደለም። የቢሮ ሠራተኛው ደመወዝ ይሄዳል፤ የሥራ ተቋራጩ ሂሳብ፣ የባንክ ዲስትሪክት፣ ማተሚያ ቤት፣ የጅምላ መጋዘን ተከትለውት ይሄዳሉ። ፋይል ይዞ ከወረዳ የሚመጣው ባለጉዳይ ሁለት ሌሊት የሚያድርበት አልጋ እንኳ ከዚያች ከተማ ወደ ሌላዋ ይዛወራል። ባህር ዳር ደግሞ የጎጃም ዋና ከተማ ሆና አታውቅም፤ ክልሉ ሲዋቀር ግን ደረጃው ወደ እሷ መጣ። ከዚያ በፊትም ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ፖሊ ቴክኒክና በቅርቧ ያለው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ነበሯት፤ መሬቷም ሜዳ ነው።

መሬቱ የሚናቅ ጉዳይ አይደለም። ደሴን ያዩ ያውቁታል፤ በገደልና በተራራ መካከል የተጨነቀች ከተማ ናት። የደሴ ፋብሪካ፣ የደሴ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የደሴ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሊሆን ይችል የነበረው ሁሉ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ አረፈ። ስለዚህ የአካባቢው እድገት አልቆመም፤ በደሴ ስም አልተመዘገበም እንጂ።

ጎንደርም የቤጌምድርና ስሜን ዋና ከተማነቷን አጥታ የዞን ከተማ ሆናለች። እንደ ደሴ ያልዘገየችው ሌሎች ምሰሶዎች ስለነበሯት ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጤና ኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲና ሪፈራል ሆስፒታል አድጓል፤ የመተማና የሁመራ ንግድ በእሷ ያልፋል፤ ዳሽን ቢራ አለ። ነገር ግን ሰው መብዛትና ገቢ መብዛት አንድ አይደሉም፤ የእርስዎ ስሜት ትክክል የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። ወደ ከተማዋ የሚገባው ሰው ከውጭ ገንዘብ የሚያመጣ ሥራ ካላገኘ፣ እርስ በርሱ ሻይና ካርድ ሲሻሻጥ ይውላል። ያኔ ሱቁ ይበዛል፣ በእያንዳንዱ ሱቅ የሚገባው ገዢ ግን ይሳሳል። የልብስ ነጋዴ ይህን ከማንም ቀድሞ ያየዋል።

ጥያቄ፦ የሁመራና የመተማ ሰሊጥ በአፍንጫችን ሥር ያልፋል። ለምን እዚሁ ጨምቀን ዘይቱን አንሸጥም? (የእህል ነጋዴ፣ ከአራዳ)

ሰሊጥ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው። በጥሩ መጭመቂያ ከ1 ኩንታል 40 ኪሎ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ዘይት ይወጣል፤ የቀረው ፋጉሎ ነው። ወረቀት ላይ ሲሰላ አዋጭ ይመስላል። ብዙ ሰው የሚወድቀው በሦስት ምክንያት ነው።

ከሁሉ የከበደው ዋጋ ነው። ለረጅም ጊዜ ሰሊጥ ላኪው ትርፍ የሚፈልገው ከሰሊጡ አልነበረም፤ የውጭ ምንዛሬ አግኝቶ ዕቃ ለማስመጣት ነበር። በሰሊጡ ቢከስርም በሚያስመጣው ዕቃ ስለሚያካክስ፣ የዘይት ጨማቂ ሊከፍል ከሚችለው በላይ እየከፈለ ይገዛል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሬ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ ይህ ግፊት ላልቷል፤ ስለዚህ የቆየ የአዋጭነት ጥናት በእጅዎ ካለ ዋጋዎቹን እንደ አዲስ ይሥሩ።

ሁለተኛው የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ነው። በቀን 20 ኩንታል የሚጨምቅ አነስተኛ ወፍጮ በዓመት 300 ቀን ቢሠራ 6,000 ኩንታል ይፈልጋል። ሰሊጥ የሚገዛው ግን ከአጨዳ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ገደማ ነው። በእነዚያ ወራት 1,500 ኩንታሉን ቢጨምቁ እንኳ 4,500 ኩንታል መጋዘን ውስጥ ይቀመጣል፤ የተከፈለበት ገንዘብ ታስሮ ማለት ነው። ባንክ የማሽን ብድር ሰጥቶ ለዚህ ካልሰጠ ወፍጮው በየካቲት ይቆማል። ጎንደርም ይሁን ሌላ ቦታ የምናያቸው የቆሙ ወፍጮዎች በአብዛኛው ማሽናቸው አልተበላሸም፤ የሚጨምቁት አጥተው ነው።

ሦስተኛው መንገዱ ነው። ጠርሙሱ፣ ክዳኑ፣ ካርቶኑ፣ መለዋወጫው ከአዲስ አበባ 740 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ይመጣል። 400 ኩንታል ጭኖ የመጣ ተሳቢ ባዶውን የሚመለስ ከሆነ የመልሱን ነዳጅ የሚከፍለው የጎንደር ሸማች ነው። መኪናው የሚመለሰው ጭኖ ከሆነ ግን ዋጋው ለሁለት ይከፈላል። ሩቅ ከተሞች ዋጋ የሚወደድባቸው በርቀቱ ብቻ አይደለም፤ በመልስ ጭነት እጦትም ነው።

የእኛ ምክር ከዘይት በፊት ከማበጠርና ከደረጃ ማውጣት መጀመር ነው። መሣሪያው ርካሽ ነው፤ ገንዘቡም በሳምንታት ይመለሳል። ከቅርፊት ማላቀቅ የተሻለ ዋጋ ያመጣል፤ ነገር ግን ብዙ ውኃ ይጠይቃል፤ ስለ ውኃ ቀጥሎ ያለውን መልስ ያንብቡ። ዘይት ከጀመሩም ፋጉሎውን አስቀድመው ለከብት አድላቢዎችና ለወተት ላም ባለቤቶች በውል ያስይዙ፤ ትርፉ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን፤ አንዳንዴም ፈረቃው ይዘለላል። ይህ እኛን ከማንገላታት አልፎ የከተማውን እድገት ይነካል? ሮቶስ ስንት ሊትር ይበቃናል? (የሦስት ልጆች እናት፣ ከቁስቋም አካባቢ)

ይነካል፤ በቀጥታ። ለጎንደር መጠን ከተሞች የታቀደው መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 80 ሊትር ነው። 200 ሺህ ሰው ብቻ ብንወስድ 16 ሺህ ሜትር ኩብ ይሆናል። ከመስመር ላይ 30 በመቶው ቢፈስ ደግሞ ምንጩ ላይ ወደ 23 ሺህ ሜትር ኩብ ማምረት ያስፈልጋል። ጎንደር ውኃ የምታገኘው ከአንገረብ ግድብና ከጉድጓዶች ነው፤ አንገረብ በደለል እየተሞላ መሄዱ የታወቀ ነው። ከላይ ያለው ተፋሰስ ሲታረስና ሲራቆት አፈሩ ግድቡ ውስጥ ይተኛል፤ ደለሉ የያዘው ቦታ ደግሞ ውኃ አይዝም። ለከተማዋም ውኃ ይሰጣል የተባለው የመገጭ ግድብ ሥራው ከተጀመረ ከአስር ዓመት በላይ ሆኖታል።

ከዚያ የከተማዋ ከፍታና ዝቅታ አለ። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 100 ሜትር ወደ ላይ ለመግፋት በስሌት 0.27 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃል፤ 60 በመቶ ብቃት ባለው ፓምፕ ግን 0.45 ይሆናል። 10 ሺህ ሜትር ኩብ በየቀኑ ለሚገፋ ድርጅት 4,500 ኪሎዋት ሰዓት በቀን ማለት ነው። ሜዳ ላይ ያለ ከተማ ይህን ያህል ወጪ አይገጥመውም። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ሲመለስ መጀመሪያ የሚሞላው ዝቅ ያለው ሰፈር ነው፤ ከፍ ያለው እንደ እናንተ ሰፈር ያለው ተራው ሳይደርስ ፈረቃው ያልቃል። ፈረቃ የሚዘለልባችሁ በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ አቤቱታ ስታቀርቡ «ውኃ የለም» ከማለት «በፈረቃችን ቀን ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት መጣ» ብላችሁ የአራት ሳምንት መዝገብ ብታቀርቡ የግፊት ችግር መሆኑን ቴክኒሻኑ ወዲያው ይለየዋል። ሆቴል፣ ቆዳ፣ ምግብ ማቀነባበሪያ ሊከፍት የሚመጣ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ መልሱን ሰምቶም ሌላ ከተማ ይሄዳል።

ሮቶን በተመለከተ፦ ለምሳሌ በቤቱ ስድስት ሰው ቢኖርና እያንዳንዱ በቀን 50 ሊትር ቢጠቀም 300 ሊትር ነው። ፈረቃው በ7 ቀን ከሆነ 2,100 ሊትር ይፈልጋሉ፤ ባለ 2,000 ሊትሩ ለጥቂት ያጥራል፤ አንድ ፈረቃ ሲዘለል ደግሞ ባዶ ይሆናል። ባለ 3,000 ወይም ሁለት ባለ 2,000 ይሻላል። ሙሉ ባለ 2,000 ሮቶ 2 ቶን ይመዝናል፤ በእንጨት ቆጥ ወይም በጭቃ ግድግዳ ላይ ፈጽሞ አያስቀምጡት። መሬት ላይ በብረት የተጠናከረ የኮንክሪት መደብ ሠርተው፣ ታችኛው ክፍል በሙሉ እንዲያርፍበት ያድርጉ፤ ጠርዙ በአየር ላይ ከቀረ በጊዜ ሂደት ይሰነጠቃል።

ጥያቄ፦ የጎንደርን እድገት ለመመረቂያ ጽሑፌ መለካት እፈልጋለሁ። በየትኛው ዘዴ ልጀምር? (ተማሪ፣ ከማራኪ)

ከተማዋ ለውጭ የምትሸጠውን ከውስጥ ፍጆታዋ በመለየት ጀምር። በአንድ ዘርፍ ያለውን የከተማውን ሠራተኛ ድርሻ በዚያው ዘርፍ ላለው የአገር ድርሻ አካፍለው። ለምሳሌ ያህል ከ60 ሺህ ሠራተኞች 3,000ው በሆቴል ዘርፍ ቢሆኑ 5 በመቶ ነው፤ በአገር ደረጃ 2 በመቶ ቢሆን ውጤቱ 2.5 ይመጣል። ከ1 በላይ ሲሆን ዘርፉ ከከተማው ውጭ ላለ ሰው ይሠራል ማለት ነው። ስንቱ? ከ60 ሺህ 2 በመቶው 1,200 ነው፤ ከ3,000 ስትቀንሰው 1,800 ሠራተኛ ከውጭ በሚመጣ ገንዘብ ይኖራል። ዩኒቨርሲቲውንና ሆስፒታሉንም በዚሁ ዓይን እያቸው፤ ከመተማና ከስሜን የሚመጣ ሕመምተኛ አጃቢው የሚከፍለው የአልጋና የምግብ ገንዘብ ከሰሊጥ ሽያጭ አይለይም።

የሚያሳስቱህ ነገሮች አሉ። የንግድ ፈቃድ መዝገብ የተዘጉ ድርጅቶችን ይዞ ይቆያል፤ አንድ ሰውም ሦስት ፈቃድ ሊኖረው ይችላል። የወቅት ልዩነቱም ከባድ ነው፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ከአጨዳ በኋላ በታኅሣሥና በጥር፣ አንድ ጊዜ በሐምሌና በነሐሴ ቁጠር። የከተማውና የአገሩ አሃዝ የአንድ ዓመት ካልሆነ ስሌቱ ዋጋ የለውም። የእድገት መጠን አግኝተህ በስንት ዓመት እጥፍ እንደሚሆን ማወቅ ካሻህ 70ን ለዓመታዊው በመቶኛ አካፍል፤ 5 በመቶ ከሆነ 14 ዓመት።

ጥያቄ፦ ቱሪዝም ብቻውን ጎንደርን አያሳድጋትም ወይ? (አስጎብኚ)

ብቻውን አያሳድጋትም። ፋሲል ግቢን ጠዋት አይቶ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ጎብኝቶ ከሰዓት ወደ ደባርቅ የሚሄድ እንግዳ ለከተማዋ የሚተወው የመግቢያና የምሳ ብቻ ነው። መቆጠር ያለበት የእንግዳ ብዛት ሳይሆን የአዳር ብዛት ነው። ጥር 11 ቀን አልጋ ሁሉ ይሞላል፤ በዚያ ሳምንት ልክ የተሠራ ሆቴል ግን በክረምት ባዶውን ደመወዝ ይከፍላል። መንገድ ሰላም ሲያጣ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ የሚቆመው ይህ ዘርፍ ነው።

ጥያቄ፦ በአዘዞ በኩል ለአነስተኛ መጋዘን ቦታ አግኝቻለሁ። ሜዳ ስለሆነ ግንባታው ርካሽ ይሆናል ብዬ አስቤ ነበር፤ ጎረቤቶቼ ግን ግድግዳቸው ተሰንጥቋል። ምንድን ነው? (ከአዘዞ)

ዋልካ ነው። ይህ ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ መሠረቱን በየዓመቱ አንስቶ ያወርደዋል። ለጎንደር ዋናው ሜዳ በዚያ በኩል ስለሆነ የከተማዋ ማስፋፊያ ወጪ ሁለት ጊዜ ይንራል፦ ተራራው ላይ በድጋፍ ግንብ፣ ሜዳው ላይ በአፈር ለውጥ። መንገድና ቱቦ ሳይገባ ቦታ ሲታደል ደግሞ ይህን ወጪ እያንዳንዱ ባለቦታ ለየብቻው ይሸከማል፤ ብዙዎችም አጥር አጥረው ይተዉታል።

እርስዎ ከመጀመርዎ በፊት በሦስት ቦታ ጉድጓድ አስቆፍረው ጥቁሩ አፈር ስንት ሜትር እንደሚወርድ ይለኩ። 1 ሜትር ተኩል ያህል ከሆነ ሙሉ በሙሉ አውጥተው በሰሌክት (በማያብጥ የተመረጠ የሙሌት አፈር) ይተኩ፤ በ20 ሳንቲ ሜትር ንብርብር እያረጠቡና በሮለር እያስጠቀጠቁ። የተቆፈረውን ያንኑ ጥቁር አፈር መልሶ መሙላት በተደጋጋሚ የሚሠራ ስህተት ነው፤ ርካሽ ይመስላል፣ ጉዳቱ በሁለተኛው ክረምት ይታያል። አፈሩ ከዚያ በላይ ጥልቅ ከሆነ ወለሉንና ግድግዳውን ነጥሎ የሚሠራ መሐንዲስ ያማክሩ። በቤቱ ዙሪያ ቢያንስ 1 ሜትር ስፋት ያለው፣ ወደ ውጭ ያዘነበለ የኮንክሪት ንጣፍ ይሥሩ። የጣሪያው አሸንዳ ውኃውን ግድግዳው ሥር እንዳያፈስ በቱቦ ወደ ቦይ ይውሰዱት። ባሕር ዛፍም ከመሠረቱ ራቅ ይበል፤ ሥሩ በበጋ እርጥበቱን ከአንድ ጎን ብቻ ስለሚስብ ሕንፃው ወደዚያ ይሰምጣል።