ከቦሌ ኤርፖርት ቢሾፍቱ ኮንትራት ሳትይዢ መግባት ይቻላል

እህቴ፣ «ከቦሌ ኤርፖርት ቢሾፍቱ ኮንትራት ሳልይዝ፣ በሕዝብ ትራንስፖርት፣ በትንሽ ብር እንዴት ልሂድ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እስካሁን የመለሱልሽን አነበብኩ። ግማሹ «ስታዲየም ሂጂ፣ ከዚያ መኪና አለ» ይልሻል። ግማሹ ደግሞ «ሰው መጥቶ ይቀበልሽ» ይላል። የሚቀበልሽ ሰው ቢኖር መች ትጠይቂ ነበር?

እኔ ቱሉ ዲምቱ ነው የምኖረው። እናቴ ቢሾፍቱ ናት። ቤሩት እሠራ በነበረ ጊዜ ለእረፍት ስመጣ በዚህ መንገድ ነው ሻንጣዬን እየጎተትኩ እናቴ ቤት የምገባው። ከተመለስኩ በኋላም ታናሽ እህቴን፣ የአክስቴን ልጆች፣ የጎረቤት ልጅ ሳይቀር በስልክ እየመራሁ አስገብቻቸዋለሁ። አንዳቸውም ኮንትራት አልያዙም።

ከየት እንደምትመጪ አልጻፍሽም። እንደኔ ከዓረብ አገር ነው፣ ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣም ይዘሻል ብዬ ነው የምመልስልሽ።

1. ወደ መሃል ከተማ አትግቢ። ስታዲየም ሂጂ ያሉሽ ሰዎች ካርታውን አላሰቡትም። ኤርፖርቱ ያለው ከከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ ነው። ቢሾፍቱም በዚያው አቅጣጫ፣ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስታዲየም መሄድ ማለት በቦሌ መንገድ ወደ መስቀል አደባባይ ወጥተሽ፣ እንደገና በጎተራና በሳሪስ አድርገሽ ወደ ታች መውረድ ነው። ሁለት ጊዜ ትራፊክ፣ ሁለት ጊዜ ሂሳብ። ያንቺ መንገድ ቀለበት መንገዱ ነው፦ ቦሌ ድልድይ፣ ቦሌ ሚካኤል፣ ሳሪስ አቦ፣ ቃሊቲ። ቃሊቲ መናኸሪያ ከገባሽ የቢሾፍቱ መኪና እዚያው ነው።

«ባቡሩስ?» እንዳትይ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ቃሊቲ ድረስ ይሄዳል፤ ቦሌ ኤርፖርት ግን አይደርስም። እሱን ለመያዝ መጀመሪያ መስመሩ ድረስ በታክሲ መሄድ አለብሽ። የጅቡቲው ባቡርም ቢሾፍቱ ጣቢያ አለው፤ መነሻው ግን ለቡ፣ በሌላኛው የከተማ ዳር ነው። ለኤርፖርት ሰው የሚሆን አይደለም።

2. ከተርሚናሉ በር ላይ ዋጋ አትነጋገሪ። እዚያ የሚጠብቁሽ ሁሉ ኮንትራት ናቸው። ሰማያዊ ሚኒባስ እዚያ አይቆምም። ጋሪሽን እየገፋሽ ወደ ፓርኪንጉ ውረጂ፣ ከዚያ ወደ ውጭው በር ሂጂ። «ልያዝልሽ» ለሚልሽ «አመሰግናለሁ፣ ሰው ይጠብቀኛል» ብለሽ እለፊ። ከግቢው ስትወጪ የእግረኛ መንገዱ ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ሰፊና ለስላሳ ሆኗል። ጎማ ያለው ሻንጣ እንደ ልብ ይጎተታል። በፊት እኮ በዚያ በተሰነጣጠቀ ድንጋይ ላይ ጎማ ተነቅሎብኛል።

ቦሌ ድልድይ ጋ ከመገናኛ በኩል በቀለበት መንገዱ የሚወርዱትን ጠብቂ። «ሳሪስ አቦ» ወይም «ቃሊቲ» የሚለውን ያዢ። ሳሪስ አቦ ብቻ የሚሄድ ከሆነም ግቢ፤ ከዚያ ቃሊቲ የሚል ታክሲ አይጠፋም። ጠዋትና ማታ የሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ላይ ግን በሻንጣ ሚኒባስ መጋፋት አይሞከርም። ረዳቱም አያስገባሽም፤ ሻንጣሽ የሁለት ሰው ቦታ ይይዝበታል። እንዲያ ከሆነ ራይድ ጥሪና እስከ ቃሊቲ መናኸሪያ ብቻ ሂጂ። እስከ ቢሾፍቱ አይደለም! ዋጋውን ስልክሽ ላይ አይተሽ ነው የምትገቢው፣ ክርክር የለውም። ታናሽ እህቴ እንዲህ ነው ያደረገችው።

3. ሻንጣሽን ለማንም አትስጪ። ሌላውን ብትረሺ ይህን አትርሺ። ትራንስፖርቱ ርካሽ ነው፤ ገንዘብ የሚበላው ሻንጣ ነው። የመቀመጫው ታሪፍ ይታወቃል፣ መናኸሪያ ላይም ይለጠፋል። የሻንጣው ዋጋ ግን ያለው በሰው አፍ ላይ ነው። ልብስሽንና ጫማሽን አይተው ነው የሚጠሩልሽ።

እኔ የደረሰብኝን ልንገርሽ። ቃሊቲ አይደለም፣ ሌላ መናኸሪያ ነው፤ የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ገና ከታክሲ ሳልወርድ አንድ ልጅ ሻንጣዬን ከኋላ አውጥቶ ተሸከመው። «ተው፣ ራሴ እይዘዋለሁ» ስለው «አይዞሽ እህቴ፣ ዋናው መኪናው እንዳያመልጥሽ ነው» እያለ ሮጠ። ስደርስ ሻንጣው የቅጥቅጡ ፖርቶ መጋላ ላይ ወጥቶ ሌላ ልጅ በሲባጎ እያሰረው ነው። ሸራ የለም፣ ሰማዩ ደግሞ ጠቁሯል። ለተሸከመው ከፈልኩ። ላሰረው ከፈልኩ። በዚህ አለቀ ስል፣ መኪናው ከከተማ ወጥቶ ረዳቱ ሂሳብ ሲሰበስብ «የሻንጣ» ብሎ የሁለት ሰው ሂሳብ ጠራብኝ።

ሻንጣው የት ተቀምጦ ነው የሁለት ሰው የሚከፍለው? «ደረሰኝ ስጠኝ» አልኩት። «ካልፈለግሽ እዚሁ ውረጂ» አለኝ። ሻንጣዬ ጣሪያ ላይ፣ እኔ ውስጥ፣ ደጁ ገላጣ ሜዳ። ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት ያያል። አንድ አባት ብቻ «ኧረ ልጄ፣ ይህ ግፍ ነው» አሉት። አልሰማቸውም። ከፈልኩ። ስወርድ ግን ታርጋውን ፎቶ አነሳሁ።

በማግስቱ ለአቤቱታ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለው ሰውዬ ስልኩን ይነካካል። ቀና እንኳን ሳይል «ምንድን ነው?» አለኝ። ነገርኩት። «ከውጭ መጥተሽ ለዚች ትጨቃጨቂያለሽ?» አለ። ደሜ ፈላ። ከውጭ መጣሁ ማለት ብር ከዛፍ ሸምጥጬ መጣሁ ማለት ነው? ያ ብር የሰው ቤት ወለል ተንበርክኬ የወለወልኩበት ነው። ለአንቺ ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም፣ ታውቂዋለሽ። ቢያንስ አቤቱታዬን ጽፈህ ተቀበለኝ ስለው «ኃላፊው የሉም፣ ሰኞ ነይ» ብሎ መስኮቱን ዘጋው። ሰኞ ስሄድ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። ኮሪደሩ ላይ አንድ እግሩ በጡብ የተደገፈ አግዳሚ ወንበር ነበር። እሱ ላይ ቁጭ አልኩ። «ስብሰባው እስኪያልቅ እጠብቃለሁ» አልኩ። የምሳ ሰዓት አለፈ። ሰውዬው ሁለቴ ወጥቶ አየኝ፣ ሁለቴ ተመለሰ።

በመጨረሻ አንዲት ሠራተኛ፣ እግዜር ይስጣትና፣ ጠርታ አስገባችኝ። ፎቶውን አየች፣ ታርጋውን መዘገበች፣ እዚያው ስልክ ደወለች። ረዳቱ ራሱ መጥቶ የሻንጣውን ሂሳብ ቆጥሮ መለሰልኝ። ብሩ ትልቅ አይደለም። ነገር ግን መብቴ ነው፣ አስመልሻለሁ፣ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። ስሸኝ ታዲያ ሠራተኛዋ ምን አለችኝ መሰለሽ? «ሻንጣው ሳይጫን ዋጋውን ቁረጪ፤ ከተጫነ በኋላ ብዙ ጊዜ እኛም ምንም ማድረግ አንችልም።»

ስለዚህ ቃሊቲ ስትደርሺ እንዲህ አድርጊ። ሻንጣሽን አንቺው ይዘሽ ወደ መኪናው ሂጂ። ረዳቱን ሌሎች ተሳፋሪዎች እየሰሙ «ከነሻንጣዬ ስንት ነው?» ብለሽ ጠይቂው። ሰው በሰማበት የተባለ ዋጋ መንገድ ላይ አይቀየርም። ምርጫ ካለሽ ከቅጥቅጥ ይልቅ አባዱላ ያዢ፤ ሻንጣው ከኋላ ይገባል እንጂ ጣሪያ ላይ አይወጣም። ክረምት ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እኔ አንዳንዴ አንድ መቀመጫ ጨምሬ እከፍልና ሻንጣዬን አጠገቤ አስቀምጠዋለሁ። እሱም ቢሆን ከኮንትራት ጋር የሚወዳደር ዋጋ አይደለም።

4. መኪናው በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ ሳትጠይቂ አትግቢ። ሁለት መንገድ አለ። አሮጌው በገላንና በዱከም አድርጎ ቢሾፍቱ ይገባል። የፍጥነት መንገዱ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው፣ ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ አዳማ ድረስ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። «አዳማ አዳማ» እያለ የሚጣራ ሚኒባስ ብዙ ጊዜ በዚህ ነው የሚሄደው። «መንገድ ላይ አወርድሻለሁ» ቢልሽ እንዳትሰሚው። የፍጥነት መንገድ ዳር ላይ መውረድ ክልክል ነው፣ አደጋም አለው፣ ባጃጅም አይገባበትም። በሻንጣ ከአጥሩ ወዲያ መቅረት ነው። የአክስቴ ልጅ ደውላ «አዳማ የሚሄድ አግኝቻለሁ፣ ባዶ ነው» ስትለኝ ከመኪናው ላይ ያስወረድኳት እኔ ነኝ። አኩርፋ ነበር። በኋላ ግን አመስግናኛለች።

ከመናኸሪያው ውጭ «ቢሾፍቱ፣ አንድ ሰው የቀረው» እያሉ የሚጣሩ ኮድ 2 የቤት መኪኖችም አሉ። ፈጣን ናቸው፣ ወንበራቸውም ይመቻል። ግን ታሪፍ የላቸውም፤ ዕቃ ቢጠፋብሽ የምትጠይቂው አካል የለም። ከውጭ የመጣች ሴት፣ ሙሉ ሻንጣ፣ የማታውቂው ሹፌር። እኔ እህቴን በዚያ አላስገባትም።

ሌላው ዝርዝር ብር ነው። ኤርፖርት ውስጥ ባንኩ ጋ ስትመነዝሪ ባለ 200 ብቻ ይዘሽ አትውጪ፤ ባለ 50ና ባለ 10 ጠይቂ። ሚኒባስ ውስጥ 200 ብር ከሰጠሽ «ዝርዝር የለኝም፣ ስትወርጂ» ይባላል። ስትወርጂ ደግሞ ሻንጣሽን ነው የምታስቢው እንጂ መልስሽን አይደለም።

ሰዓቱንም አስቢበት። ትኬትሽ ላይ 06፡30 ካለ በእኛ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው፤ ለእናትሽም እንዲያ ብለሽ ንገሪያቸው። የእኔ እናት 6፡30 ያልኳትን ቀትር መስሏት ለምሳ ልትጠብቀኝ ስትሰናዳ፣ እኔ ገና በጠዋቱ በሯን አንኳኳሁ። ጠዋት ከገባሽ ሁሉም ነገር ይቀላል፤ ፓስፖርትና ሻንጣ ጨርሰሽ እስክትወጪ የሥራ መግቢያው ግርግር ይበርዳል። ሌሊት ከሆነ ግን በባዶ መንገድ ታክሲ ፍለጋ አትውጪ። እስኪነጋ እዚያው ውስጥ ቁጭ በይ። አንዴ ከወጣሽ ጥበቃዎች መልሰው ላያስገቡሽ ይችላሉ። አመሻሽ ላይ ከገባሽና ቃሊቲ ሳትደርሺ ከጨለመ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት እደሪ። ብርም ቢሆን ይቀንስልሻል፤ በምሽት የሚጠራው ኮንትራት ነው።

ከመስቀል በዓል ቀጥሎ ባለው እሑድ እንዳይሆን ደግሞ! ሆራ አርሰዲ ላይ ኢሬቻ የሚከበርበት ቀን ነው። ሕዝቡ ሁሉ ወደ ቢሾፍቱ ይተማል፣ መንገድም ይዘጋል። የበዓል ዋዜማ ላይም የቃሊቲ ሰልፍ ይረዝማል።

አንድ ነገር ግን ልበል። ለቢሾፍቱ ቅርብ፣ አቡሴራ ላይ አዲስ ትልቅ ኤርፖርት ታቅዷል። ያኔ እኛ ደጃችን ላይ እንወርዳለን፣ የሚቸገረው የአዲስ አበባው ሰው ነው። እባካችሁ የሚመለከታችሁ፣ ያን ጊዜ እንኳን ከተርሚናሉ በር የሚነሳ የሕዝብ አውቶቡስ አስቡበት። አገሩ ላይ የሚወርድ ሰው ሁሉ መኪና ያለው ዘመድ የለውም።

ቢሾፍቱ መናኸሪያ ስትወርጂ ባጃጆቹ ይከቡሻል። «በሰው ነው ወይስ ኮንትራት?» ብለሽ ሳትጠይቂ እግርሽን አታስገቢ። ሁለት ሻንጣ ይዘሽ በሰው አይሆንልሽም። ኮንትራት ያዢ፣ አጭር መንገድ ስለሆነ አይጎዳሽም። የሰፈርሽን ስም እንደ ነዋሪ በልበ ሙሉነት ጥሪው እንጂ «የት ጋ ነበር እሱ…» አትበይ። የበረራሽን ቀንና ሰዓት እዚሁ ጻፊልኝ፤ ያን ቀን ቃሊቲ በኩል የማልፍ ከሆነ የመኪናውን ተራ አይቼ እደውልልሻለሁ።