ደሞዝ የሌላት ወር

ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ?

ደሞዝተኛ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ጳጉሜ ደሞዝ የላትም። የነሐሴዋ ደሞዝ እስከ መስከረም መጨረሻ መድረስ አለባት። መሐል ላይ እነዚህ አምስት ቀናት ይገባሉ፤ በየአራት ዓመቱ ደግሞ ስድስት ይሆናሉ። በዚያ ላይ የበዓሉ ወጪ አለ። ዶሮው፣ ቅቤው፣ ሽንኩርቱ፣ የልጆች ልብስ፣ የትምህርት ቤት ምዝገባ። 31 ዓመት በአዋላጅ ነርስነት ሳገለግል ጳጉሜ በገባች ቁጥር አማርር ነበር። ዛሬ ጡረታ ላይ ሆኜ ሳስበው ሌላ ነገር ይታየኛል። ማንም የማይከፍለን ቀናት ከሆኑ፣ የማይከፈልበትን ሥራ ብንሠራባቸውስ?

ይህን ያስተማረኝ አንድ ወጣት ነው።

1993 ዓ.ም.፣ ጳጉሜ 4 ማታ ነበር። ተረኛ ነበርኩ። አንዲት እናት በሚኒባስ ታክሲ መጣች። ቤቷ ወልዳ ደሙ አልቆም ብሏል። ሕፃኑን ጎረቤቷ በጋቢ ጠቅልላ ይዛዋለች። ባልየው ሚስቱን ታቅፎ ሲገባ ጫማው በደም ርሷል። ማሕፀኗ ላልቶ አልሰበሰብ ብሎ ነበር። እኛ አዋላጆች ከምንም በላይ የምንፈራው ይህን ነው። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም እስከ ዛሬም በአገራችን ብዙ እናቶችን የሚነጥቀን እሱ ነው። ሆዷን እያሸሁ፣ መርፌውም እየተሰጣት፣ በሁለቱም እጇ ግሉኮስ እየገባላት ከንፈሯ እየነጣ ሄደ። ደም ያስፈልጋት ነበር።

በዚያን ጊዜ አሠራሩ በምትክ ነበር። ቤተሰብ ደም ይሰጣል፤ በምትኩ ለታማሚዋ የሚስማማው ከባንኩ ይወጣል። ባልየው ሰጠ። አልበቃም። ጎረቤቲቱ ደግሞ የምታጠባ ልጅ አላት። ዘመድ ገጠር ነው፤ እንደ ዛሬው ስልክ በየኪሱ የለም። ሰው ፍለጋ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። የታክሲው ረዳት ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ለካ አልሄደም። ቢበዛ 20 ዓመት ቢሆነው ነው። በዓውደ ዓመት ሰሞን፣ ሰው ከነዶሮው ታክሲ በሚጋፋበት፣ እሱም ደህና ገንዘብ በሚያገኝበት ሰዓት ሾፌሩን ለምኖ ቀርቷል።

“እኔ እሰጣለሁ” አለኝ። ሌላ ነገር አልተናገረም።

ሰጥቶ ሲመለስ የተሰጠው ብስኩት በእጁ ነበር። አልቀመሰውም። ሄዶ ባልየው ጭን ላይ አስቀመጠለት። “ከጠዋት ጀምሮ ምንም የበላ አይመስለኝም” አለኝ በሹክሹክታ።

ሊነጋጋ ሲል የሴትየዋ ከንፈር ቀላ። ልነግረው ሮጬ ወጣሁ። ልጁ የለም። ስሙን እንኳን አልጠየቅኩትም። ያ ሕፃን ዛሬ በሕይወት ካለ ትልቅ ሰው ሆኗል፤ ምናልባትም ይህን ከምታነቡት አንዱ ነው። እናቱ በማን ደም እንደተረፈች አያውቅም።

ዓመቱ ሲያልቅ ብዙዎቻችሁ ያሳካችሁትንና ያላሳካችሁትን ስትቆጥሩ አያለሁ። ቁጠሩ፤ ክፋት የለውም። እኔ ግን ከዚያ በፊት አንድ ጥያቄ እንድትጠይቁ እፈልጋለሁ። ዘንድሮ ማን ተሸከመኝ? ቤት ኪራይ ሲያጥራችሁ ያበደራችሁ ጓደኛ አለ። ስትታመሙ ሾርባ ይዛ የመጣች የግቢ ሴት አለች። ሥራ ስትፈልጉ ቁጥር የሰጣችሁ፣ ሲቪያችሁን ያስተካከለላችሁ ሰው አለ። ጳጉሜ 1 ማታ ስልካችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ቴሌብራችሁን ክፈቱና ብሩ ከማን መጣ፣ ለማን ሄደ ብላችሁ እዩ። የጥሪ ዝርዝራችሁንም እዩ። እናታችሁ ስንቴ ደወለች? እናንተስ? እኔ ይህን ባደረግሁበት ዓመት ያሳደገችኝን አክስቴን ከፋሲካ ወዲህ እንዳልደወልኩላት አየሁ። በማግስቱ ሄድኩ። ዓይኗ ደክሞ ስለነበር በድምፄ ነው የለየችኝ።

ስለ መስጠት ደግሞ ከእናቴ ያየሁትን ልንገራችሁ። እናቴ ቅርጫ ስትገባ የእኛ መደብ ቤት ከመግባቱ በፊት በር ላይ ይቀነስለታል። ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም፣ ከአጥንቱም፣ ከሁሉም ዓይነት። በኮባ ቅጠል ትጠቀልለውና ከታች ወዳሉት ባል የሞተባቸው ሴትዮ ትልከኛለች። ወጥ ሠርታ ብትልክ ይቀላት ነበር። ሠርታ አትልክም። “ልጆቻቸው የገዛ ቤታቸውን የወጥ ሽታ ያሽትቱ” ትል ነበር። ለሙስሊሟ ጎረቤታችን ደግሞ ዶሮዋን ከነሕይወቷ ነው የምንወስደው፤ እነሱ በራሳቸው ሥርዓት አርደው እንዲበሉ። ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ መመላለሱ ይሰለቸኝ ነበር። ዛሬ ግን የሚቀበለውን ሰው ክብር እንዴት እንደምትጠብቅ ሳስብ ዓይኔ እንባ ያቀርራል።

እኔ ራሴ ያንን የረሳሁበት ቀን አለ። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ገንዘብ አዋጥተን ለሰፈር አረጋውያን ዘይትና ዱቄት አከፋፈልን። ጥሩ ሥራ ነበር። ፎቶ የማነሳው እኔ ነበርኩ። አንዲት አሮጊት እናት ዘይቱን ሲቀበሉ ካሜራውን ወደ እሳቸው አዞርኩ። ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ፊታቸውን ሸፈኑ። በሌላኛው እጃቸው ዘይቱን ይዘዋል። እኔም አነሳሁት። ፎቶው ለብዙ ጊዜ ቢሮ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቆየ። ባለፍኩ ቁጥር ያንን ነጠላ አያለሁ። መጨረሻ ላይ አውርጄ ቀደድኩት፤ እሳቸውን ይቅርታ ልጠይቅ ስሄድ ግን አርፈው ነበር። ስለዚህ እለምናችኋለሁ፤ የምትሰጡትን ሰው ፊት ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ አታውጡት። እሺ ቢሏችሁም አታውጡት። የተቸገረ ሰው እምቢ ለማለት አይመቸውም።

ሌላው ቀኑ ነው። እንደ መቄዶንያ ያሉ ማዕከላት በእንቁጣጣሽ ቀን ጎብኚ አያጡም። ሂዱ፣ ደስ ይላቸዋል። ኅዳር ላይም ሂዱ። ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ምን እንደጎደላቸው ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የአዋቂ ዳይፐርና ሳሙና ነው፤ ኬክ ይዞ መሄድ የሚያስደስተን እኛን ነው።

እኅታችሁ ዓረብ አገር ከሆነች ደግሞ ለእሷ እንቁጣጣሽ የሥራ ቀን ነው። የበዓሉን በግ የገዛው የእሷ ብር ሊሆን ይችላል። ዘንድሮ ምንም ሳትጠይቋት ደውሉላት። ስልኩን ወደ ቄጠማው፣ ወደ ረከቦቱ አዙሩላት። እንዴት እንደምትኖር ጠይቋትና ዝም ብላችሁ ስሟት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልመለስ፤ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለእሱ ነው።

ምትክ የሚባለው አሠራር ቀርቶ ዛሬ የምንመካው በፈቃደኛ ለጋሾች ነው። ከፈቃደኞቹ ብዙዎቹ ተማሪዎች ናቸው። ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ተማሪው ይበተናል፣ ደም ይቀንሳል። ወላድ ግን ክረምት ብላ አትጠብቅም። በዓል ሲደርስ ደግሞ መንገዱ ይጨናነቃል፣ መጠጡ ይበዛል፣ የመኪና አደጋም አብሮ ይመጣል። በበዓል ማታ ተረኛ ሆኖ የሠራ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል።

ደም አይመረትም፣ በፋብሪካ አይሠራም። ሲቀመጥም ዕድሜ አለው። ፕሌትሌት የሚባለው፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ክፍል፣ የሚቆየው 5 ቀን ብቻ ነው፤ ልክ እንደ ጳጉሜ። ቀዩ የደም ሕዋስ በተለመደው አያያዝ 35 ቀን ይቆያል። እስቲ አስሉት። ጳጉሜ 1 የሰጣችሁት ደም እንቁጣጣሽን አልፎ፣ መስቀልን አልፎ፣ እስከ መስከረም ማብቂያ ሰው ሊያድን ይችላል። 18 ዓመት ከሞላችሁ፣ ጤነኛ ከሆናችሁና ክብደታችሁ ከ45 ኪሎ ካላነሰ መስጠት ትችላላችሁ። በየሦስት ወሩም መድገም ይቻላል። የሚወሰደው ግማሽ ሊትር አይሞላም። ደሙ ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ ለቂጥኝም ይመረመራል። መርፌው ትንሽ ያማል፤ አያምም ብዬ አልዋሻችሁም። ከዚያ ለስላሳ ትጠጣላችሁ፣ ትንሽ ታርፋላችሁ፣ ትሄዳላችሁ።

ያንን ልጅ ካየሁ ወዲህ በየዓመቱ ጳጉሜ ላይ ስሰጥ ኖርኩ። መጨረሻ ላይ ክንዴን ስዘረጋ ወጣቷ ነርስ መታወቂያዬን አይታ “እማማ፣ 65 አልፎዎታል” አለችኝ። በጣም ከፋኝ። መንገድ ላይ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ለመስጠት ሳይሆን መርፌ ከሚፈሩት አጠገብ ለመቀመጥ እሄዳለሁ። እጃቸውን እይዛለሁ። ምጥ ላይ ያለች እናት እጅ ስይዝ ኖሬያለሁና ይህ አያቅተኝም።

ዘንድሮም ጳጉሜ 1 ከጠዋቱ 3 ሰዓት አዲስ አበባ ስታዲየም አካባቢ ካለው ደም ባንክ በር ላይ ነኝ። አረንጓዴ ጥለት ያለው ነጠላ እለብሳለሁ። ቁርሳችሁን በልታችሁ ኑ።