ለቀበና–ሜክሲኮ መመላለሻ የተገኘችው ቪትዝ፦ ቀብድ ከመክፈልሽ በፊት

ጥያቄው የመጣው ከአንዲት አንባቢ ነው። ቤቷ ቀበና፣ ሥራዋ ሜክሲኮ ነው። ልጇን አራት ኪሎ ትምህርት ቤት አድርሳ ታልፋለች። ባለቤቷ ትልቁን መኪና ለመስክ ሥራ ስለሚወስደው ለእሷ ርካሽና ወገብ የማትጎዳ ሁለተኛ መኪና እየፈለጉ ነው። ደላላው አንድ ሺህ ሲሲ ቶዮታ ቪትዝ፣ ሁለተኛውን ሞዴል አሳያት። ነድታ ወደደቻት። ግን ሦስት ነገር ከንክኗታል። ሞተሩ ገና እንዳልሞቀ የምታሳየው ሰማያዊ መብራት ሜክሲኮ እስክትደርስ አልጠፋችም። የራዲያተሩ ማቀዝቀዣ ፋን ቁልፍ ከዞረ ጀምሮ ያጓራል። የራዲያተሩ ትርፍ ውሃ መያዣ ውስጥ ያለው ውሃ ቡናማ ነው። ሻጩ "የጠዋት ብርድ ነው" ብሏታል። "ልግዛት ወይስ የኤሌክትሪክ መኪና ልፈልግ?" ትላለች። ቁልፍና ፒንሳ መያዝ እንደማያቅታት፣ ባትሪ ራሷ እንደምትቀይርም ጽፋለች፤ ጥሩ።

እህቴ፣ ብርድ አይደለም። ጠዋት ከቀበና ስትነሺ መብራቷ ትንሽ መቆየቷ ያለ ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ግን መጥፋት ነበረባት። ጥርጣሬዬን ልንገርሽ። ይቺ መኪና አንድ ቀን ሂት አድርጋለች፣ ማለትም ከልክ በላይ ሞቃለች። የያዛት ሰው ለምን እንደሞቀች አልፈለገም። ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋውን ቴርሞስታት አውጥቶ ጣለው፣ ፋኑን ዳይሬክት አደረገው (ቁልፍ ሲዞር ሁልጊዜ እንዲሠራ)፣ የቧንቧ ውሃ ሞልቶ ሸኛት። እንዲህ ያለ ጥገና ስንቴ እንዳየሁ አትጠይቂኝ። "ቴርሞስታት ለአዲስ አበባ አያስፈልግም" የሚል ሰው ካጋጠመሽ ቁልፍሽን ተቀብለሽ ውጪ።

ምን ይጎዳል ብትይ፣ ላንቺ መንገድ የባሰ ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ኮምፒውተሩ ገና አልሞቀም ብሎ ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላው ይጠቁራል፣ ዘይቱ ቶሎ ይበላሻል፣ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ውስጥ ውሃ እየተጠራቀመ ይበሰብሳል። አጭር መንገድ በራሱ ለሞተር ከባድ ነው። ያለ ቴርሞስታት ሲሆን ሞተሩ ሳይሞቅ ይውላል፣ ሳይሞቅ ያድራል። "ነዳጅ ቆጣቢ ናት" ብለው የሸጡልሽ መኪና ለምን እንደምትጠጣ ግራ ይገባሻል።

አሁን የራዲያተሩ ክዳን ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ማንም ስለማያነሳው ነው። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም፣ በ92 አካባቢ ይፈላል። ምስር እዚህ ከድሬዳዋ ይልቅ ቆይቶ የሚበስለውም ለዚህ ነው። የመኪናሽ ቴርሞስታት መከፈት የሚጀምረው 80 ዲግሪ አለፍ ሲል ነው፤ ፋኑ የሚነሳው ደግሞ ከ90 በላይ። ልብ በይ፤ ክዳኑ ባይኖር ወይም ቢላላ ውሃው ፋኑ በሚነሳበት ሰዓት አካባቢ መፍላት ጀምሯል ማለት ነው! ከዚህ የሚያድነን የክዳኑ ስፕሪንግ ነው። ውሃውን አምቆ ግፊት ስለሚፈጥር መፍያው ወደ ላይ ይወጣል። ላዩ ላይ 1.1 ወይም 108 የሚል (የሚይዘው ግፊት ቁጥር ነው) ክዳን ደህና ከሆነ፣ እዚሁ ከተማ ውስጥ ንጹህ ውሃ እንኳ 115 ዲግሪ እስኪያልፍ አይፈላም። 0.9 ወይም 88 የሚለው ትንሽ ዝቅ ይላል። ቁጥር የሌለው፣ ስፕሪንጉ በአውራ ጣት ሲጫኑት ልፍስፍስ የሚለው ርካሽ ክዳን ደግሞ ለአይን ብቻ ነው። በቸርችል ጎዳና ከለገሃር ወደ ፒያሳ ሽቅብ ተጨናንቃ የምትፈላ መኪና ሁሉ ሞተሯ አልሞተም፤ የስንቷ ችግር ክዳን ብቻ ነው። ሰው ግን ክዳኑን ትቶ ራዲያተር ይቀይራል፣ የውሃ ፓምፕ ይቀይራል፣ በመጨረሻ ቴርሞስታት ያወጣል። ከውሃው ጋር የሚደባለቀው ኩላንት መፍያውን ትንሽ ይጨምራል፤ ዋናው ሥራው ግን ዝገት መከላከል ነው። ያየሽው ቡናማ ውሃ ዝገት ነው።

በዚሁ አጋጣሚ፦ የሞቀ ሞተር ላይ የራዲያተር ክዳን እንዳትከፍቺ። በጨርቅም ቢሆን፣ "ትንሽ ላላ አድርጌ" ብለሽም ቢሆን አይሆንም። ውስጥ ያለው ከ100 ዲግሪ በላይ የሞቀ ውሃ ግፊቱ ሲለቀው በአንዴ እንፋሎት ሆኖ ፊትሽ ላይ ይወጣል።

ምርመራው እንዲህ ነው። ሻጩን ማታ ደውለሽ "ጠዋት እስክመጣ መኪናዋን እንዳታስነሳት" በይው። ስትደርሺ ኮፈኑን ክፈቺና ሞተሩን በእጅሽ ንኪ። ሞቆ ከጠበቀሽ ቀድሞ አሙቆታል፤ የሚደብቀው አለ፣ ሌላ ቀን ተመለሺ። ከቀዘቀዘ የላይኛውን ማኒኮቶ፣ ወፍራሙን የጎማ ቱቦ፣ ጨበጥ አድርጊ። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ አሁንም ድርቅ ያለ ከሆነ ጥሩ ምልክት አይደለም። ከዚያ ክዳኑን ክፈቺ። የምትከፍቺው ሞተሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ብቻ ነው፣ ደግሜ እላለሁ። ውሃው አፍ ድረስ ሞልቶ እንደሆነ እዪ፤ ጎሎ ከሆነ ሙዪው። ሞተሩን አስነሽተሽ ክዳኑ ክፍት እንዳለ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ብቻ ተመልከቺ። መጀመሪያ ላይ ጥቂት አረፋ ቢወጣ አየር ነው። ሳያቋርጥ ቡልቅ ቡልቅ ካለ ግን የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም መሃል ያለው ማሸጊያ፣ ሄዷል። ያ ማለት ቴስታታ ማውረድ፣ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስተካከል፣ ጓርኒሲዮን መቀየር ነው። ደላላው "ቀላል ነው" ይልሻል፤ የሚከፍለው እሱ አይደለም። ሞተሩ ለብ ከማለቱ በፊት አጥፊና ክዳኑን ግጠሚ።

የዘይቱን መለኪያ ዘንግ አውጪ። ዘንጉ ላይ ነጣ ያለ አረፋ ካለ ውሃ ዘይት ውስጥ ገብቷል፣ በዚያው ተሰናበቺ። የዘይት መሙያው ክዳን ስር ብቻ ትንሽ ነጭ ነገር ካየሽ ግን አትደንግጪ፤ አጭር መንገድ የሚሄድ መኪና ላይ የላብ እርጥበት ነው።

ፋኑ ላይ ከመፍረድሽ በፊት ኤሲው መጥፋቱን እዪ፤ ኤሲ ሲበራ ፋን መነሳቱ ደንብ ነው። ኤሲ ጠፍቶም ከቁልፍ ጋር የሚነሳ ከሆነ የፋኑን ሽቦ ተከተዪ። በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለ፣ ከፋብሪካው ሽቦ ቀለሙ የተለየ ቅጥያ ታገኛለሽ። እጅሽን ግን ከፋኑ አርቂ።

ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) ያለው ጓደኛ ካለሽ ይዘሽው ውጪ። መንገድ ላይ የውሃው ሙቀት 80 አለፍ ብሎ መርጋት አለበት። ሽቅቡን ወጥቶ ቁልቁለት ላይ ወደ 60 የሚወርድ ከሆነ ጥርጣሬዬ ልክ ነው፣ ቴርሞስታት የለም።

ቴርሞስታት ብቻ ከሆነ የጠፋው፣ አረፋም ከሌለ፣ ግዢያት። ዋጋ ግን አስቀንሺ። ቴርሞስታት፣ ክዳን፣ ኩላንትና የፋኑን ሽቦ ወደነበረበት መመለስ ከባድ ሥራ አይደለም። ለመለዋወጫ ሶማሌ ተራ ስትሄጂ ግን አዲስ ፎርጅድ ከምትገዢ አሮጌ ኦሪጅናል ይሻልሻል። ቴርሞስታት ከመግጠምሽ በፊት ድስት ውስጥ ውሃ አፍልተሽ ክተቺው፤ ካልተከፈተ መልሺው። ይህን በማድረግሽ የሚያሳፍርሽ ሻጭ ካለ ዕቃው ችግር አለበት።

ስለ ምቾቱ ብዙ አልልም። አንድ ሺህ ሲሲው ባለ ሦስት ሲሊንደር ነው፣ ቆሞ ሲሠራ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ ከሆነ የሞተር መቀመጫ ጎማው አልቋል። ከፋብሪካ በ14 ጎማ የወጣችውን መኪና በትልቅ ቸርኬና በስስ ጎማ ያሳመሯት ከሆነ ኮብልስቶን ላይ ወገብሽ ይመሰክራል፣ ወደ 14 መልሺያት። መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ ከሆነም ሥራውን ለመካኒክ በደንብ አሳዪ፤ በርካሽ ከተሠራ መሪ ጋር እኔ አልቀልድም። ሱዙኪ ዲዛየርም አማራጭ ነው፣ ሻንጣ መጫኛው ሰፊ ነው። ኮሮላ ይመቻል፣ ግን ለዚህ መንገድ ሞተሩ ትልቅ ነው።

ኤሌክትሪኩስ? ግቢ ካለሽና ቆጣሪው የራስሽ ከሆነ፣ በሐቀኝነት፣ ላንቺ መንገድ ከቪትዝ ይሻላል። ለመሞቅ የሚጠብቅ ሞተር የለውም። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የግል መኪና ማስገባት ስለተከለከለ አሮጌዎቹ ዋጋቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ልዩነቱን አስልተሽ እዪ። ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ሆነሽ በመስኮት ኬብል ልታወርጂ ከሆነ ግን ይቅርብሽ።

ገዝተሽ ካሳደስሻት በኋላ በሳምንት አንድ ቀን ረዘም ያለ መንገድ ውሰጃት፣ ዘይቱንም ከተለመደው ቀደም አድርገሽ ቀይሪ። ኩላንቱን ጠዋት ሳትነሺ ከትርፍ መያዣው ላይ ባለው መስመር እዪው። ክዳኑን መክፈት ካለብሽም ያው ጠዋት ነው፣ ከሜክሲኮ እንደተመለስሽ አይደለም።