«ለምን ኢስቶኒያ?» ካሉሽ ስካይፕን እንዳትጠሪ

ሰላም እህቴ፣ «ለምን ኢስቶኒያ?» ቢሉኝ ምን ልመልስ ያልሽውን ጥያቄሽን አየሁት። ባህር ዳር ሶፍትዌር ተመርቀሽ አንድ ዓመት የማይክሮፋይናንስ አፕ ከፋይዳ ጋር ስታገናኚ ቆይተሽ አሁን ኢስቶኒያ ታርቱ ከተማ ለማስተርስ ኢንተርቪው ጠርተውሻል፣ እሰይ። የላክሽልኝ መልስ ግን፣ ስካይፕ እዛ ተሰራ፣ ኢ ሬዚደንሲ (ለውጭ አገር ሰው የሚሰጡት ዲጂታል መታወቂያ) አላቸው ምናምን፣ ውሸት የለውም፣ ከፊትሽ የገባውም ከኋላሽ ያለውም የሚለው ግን ይሄንኑ ነው።

አገሩን እወቂው በቃ። ህዝቡ 1.4 ሚሊዮን እንኳን አይሞላም፣ ቋንቋቸው የፊኒሽ ዘመድ ነው እንጂ ከራሺያኛ ጋር አይገናኝም። ይሄ ምን ያደርግልኛል እንዳትይ፣ እኔ ድሮ ለሌላ ትንሽ አገር ስኮላርሺፕ ገብቼ የጎረቤታቸውን ባህል የነሱ አስመስዬ ሳወራ የጠያቂዋ ፊት እንዴት እንደተቀየረ እስካሁን ይታየኛል፣ አላለፍኩማ።

ትልቁ ነገራቸው መዝሙር ነው። የመዝሙር ፌስቲቫላቸው የተጀመረው እዛው ታርቱ ነው፣ በ1869፣ አሁን ታሊን ላይ በየአምስት ዓመቱ ገደማ ይደረጋል፣ መድረኩ ላይ ብቻ ከ20 ሺህ በላይ ሰው አብሮ ይዘምራል፣ ተመልካቹን ሳልቆጥር ነው! በሶቪየት ጊዜ ሰማያዊ ጥቁር ነጩ ባንዲራቸው ተከልክሎ ስለነበር ከ1987 ጀምሮ እየተሰበሰቡ እየዘመሩ ነው ነፃነት የጠየቁት፣ በ1989 ደግሞ ከላትቪያና ከሊትዌኒያ ሰው ጋር ከታሊን እስከ ቪልኒየስ 600 ኪሎሜትር ያህል እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆሙ፣ በ1991 ነፃ ወጡ።

አሁን ወደ ሙያሽ እንምጣ። በ2001 የጀመሩት ኤክስ ሮድ የሚባለው የመስሪያ ቤቶች መረጃ መለዋወጫ ሲስተም መረጃን አንድ ቋት ውስጥ አያከማችም፣ መስሪያ ቤቶቹ ከየራሳቸው እየተጠያየቁ ነው የሚሰሩት፣ ዜጋውም ገብቶ መረጃዬን ማን አየው ብሎ ማየት ይችላል። እንደኔ ግምት፣ ሁሉን የሚያይ መንግስት ስር የኖረ ህዝብ እንዲህ ያለው ነገር ቢስበው አይገርምም። አንቺም ፋይዳ ላይ ስትሰሪ ደንበኛ «መረጃዬን ማን ያየዋል?» ብሎ ጠይቆሽ ያውቅ ይሆናል፣ ምን መለስሽለት? ሳትመልሺም ቀርተሽ ከሆነ እሱን ንገሪያቸው፣ ለምን ኢስቶኒያ የሚለው መልስሽ እሱ ነው።

ጨዋታው ከሞቀ የፑሽኪንን ቅድመ አያት አብራም ሃኒባልን ጣል አድርጊ፣ ከ1742 እስከ 1752 የታሊን (ያኔ ሬቫል) አዛዥ ነበር፣ ከኛ አካባቢ ነው የሚሉ አሉ፣ ከካሜሩን ነው የሚሉም አሉ። «ዘመድ ነን» እንዳትያቸው ብቻ 😄

ሁለት ደቂቃ ቮይስ ቅጂና ላኪልኝ፣ እሰማዋለሁ።