ጥሩሩን መርከብ ላይ ትቶ የሄደው ንጉሥ

ልጆቼ፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ ሕንፃ ሲያሠራ የኖረ ሰው ስለ ቫይኪንግ ንጉሥ ምን አገባው ትሉ ይሆናል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ታሪክ ማንበብ ይዣለሁ፤ የኖርዌዩን ሃራልድ ሃርድራዳን ሳነብ ደግሞ ፊቴ ላይ ድቅን የሚለው ሳይት ነው።

ሃራልድ በ1030 (ዓመቶቹም ቀኖቹም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ገና የ15 ዓመት ልጅ ሳለ ስቲክለስታድ በተባለው የኖርዌይ ጦር ሜዳ ላይ ከወንድሙ ከንጉሥ ኦላፍ ጎን ተሰለፈ። ወንድሙ ሞተ፤ እሱ ቆስሎ አመለጠ። ኪየቭ ገብቶ የዚያን አገር ገዥ ያሮስላቭን አገለገለ፤ ከዚያ ቁስጥንጥንያ ወርዶ የቢዛንታይን ንጉሠ ነገሥት ወታደር ሆነ፤ ሲሲሊና ቡልጋሪያ ዘመተ። ኬካውሜኖስ የሚባል የቢዛንታይን ጸሐፊ፣ ይህ የንጉሥ ዘር በኋላ ነግሦ እንኳ የተሰጠው ማዕረግ አነሰኝ ብሎ እንዳላጉረመረመ ጽፎለታል። በተመረቀ በወሩ የኃላፊ ወንበር የሚጠይቅ ልጅ ሲገጥመኝ ይቺን አጫውተዋለሁ። ብዙ ጊዜ አይስቅልኝም።

ሀብት ይዞ ተመለሰ፣ የያሮስላቭን ልጅ አገባ፣ በ1046 ከወንድሙ ልጅ ከማግኑስ ጋር ዙፋን ተጋራ፤ በዓመቱ ማግኑስ ሲሞት ብቻውን ነገሠ። ከዴንማርክ ጋር እስከ 1064 ተዋጋ።

በ1066 የእንግሊዝን ዙፋን ፈልጎ 300 ያህል መርከብ ይዞ ተሻገረ። መስከረም 20 ዮርክ ከተማ አጠገብ፣ ፉልፎርድ ላይ አሸነፈ፤ ዮርክ እጇን ሰጠች። የቀረው መያዣ የሚሆኑ ሰዎችን መረከብ ብቻ ነበር። መስከረም 25 ወደ ስታምፎርድ ብሪጅ ሄደ። ቀኑ ሞቃት ነበርና ሰዎቹ ጥሩራቸውን፣ ማለትም የብረት ልብሳቸውን፣ ሪካል ላይ ከቆሙት መርከቦች ትተው፣ ራስ ቁር፣ ጋሻና መሣሪያ ብቻ ይዘው ወጡ። የእንግሊዙ ንጉሥ ሃሮልድ ግን ከደቡብ ገስግሶ መጥቶ ያልጠበቁት ቦታ ላይ ደረሰባቸው። ከ35 ዓመት ጦርነት የተረፈው ሰውዬ፣ የኖርስ ትረካ እንደሚለው፣ ጉሮሮውን በቀስት ተወግቶ ወደቀ።

አልፈርድበትም። እኔም ሌሊቱን ሙሉ ሶሌታ (የፎቁን ወለል አርማታ) ሞልተን፣ አንድ ሰው ሳይጫር ባነጋን ማግስት፣ ፀሐይ በርትቶ ሄልሜቴን መኪና ውስጥ ትቼ ወጣሁ። አርማታው ውሃ መጠጣቱን አይቼ ልመለስ ነው፣ አምስት ደቂቃ። ከላይ የሞራሌ እንጨት ቁራጭ ወረደብኝ። ጠባሳው ግንባሬ ላይ አለ። ሠራተኛው ሄልሜት እንዲያደርግ ስጮህ የኖርኩት እኔ ነበርኩ፤ ፎርማኑ ደም የነካውን ሸሚዜን እያየ ምንም አላለኝም፤ ዝምታው ከስፌቱ ይበልጥ አመመኝ።

ስለዚህ ከባዱን ቀን አልፈራላችሁም፤ በከባዱ ቀን ሁሉም ይጠነቀቃል። የምፈራላችሁ ማግስቱን፣ «ዛሬማ ቀላል ነው» የምትሉበትን ጠዋት ነው።

መርከቦቹ ዘንድ የቀሩት ወታደሮች ጥሩራቸውን ለብሰው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ እየሮጡ ለእርዳታ ደረሱ፤ ግን በድካም ዝለው ነበር፤ አንዳንዶቹ እዚያው ጥሩራቸውን አውልቀው እንደጣሉ ይተረካል። የተረፉትን ወደ አገር ለመመለስ 24 መርከብ በቃ። ከተመለሱት አንዱ የሃራልድ ልጅ ኦላፍ ነው። እስከ 1093 ኖርዌይን ያለ ትልቅ ጦርነት ገዛ፤ ሕዝቡም «ጸጥተኛው» አለው። ስለ እሱ የተጻፈው ከአባቱ ጋር ሲተያይ ጥቂት ገጽ ነው።