«ሰኞ እንፈርማለን»

ጤና ይስጥልኝ፣ የአምዱ አዘጋጅ።

በአንድ የሮክ ባንድ ውስጥ ኪቦርድ ስጫወት 11 ዓመቴ ነው። አሁን ግን ትዕግሥቴ አልቋል። መድረክ በወጣን ቁጥር ሚክሰሩ ላይ የሚቀመጠው ልጅ የእኔን ድምፅ ይቀንሰዋል። ጊታሩ ሲጮህ ማንም ምንም አይልም፤ እኔ ትንሽ ከፍ ካልኩ ግን ዘፋኛችን ዞሮ ይገላምጠኛል። ባለፈው ዝግጅት በሶሎዬ መሀል ማይኩን አንሥቶ ከሕዝቡ ጋር ወሬ ጀመረ። ፎቶ ላይም ሁልጊዜ ዳር ነኝ፤ አንዳንዴ ትከሻዬ ብቻ ነው የሚታየው። ብናገር «አንቺ ደግሞ ሆደ ባሻ ነሽ» ይሉኛል።

አዲሱ አልበማችን ሊወጣ ነው። ከ9ኙ ዘፈኖች የ6ቱን ዜማ ሌሊት ልጄን አስተኝቼ በስልኬ እየቀዳሁ የላክሁላቸው እኔ ነኝ። አንዱ ላይ የልጄ ሳል ሁሉ ይሰማል። ግጥሙን የሚጽፈው ዘፋኙ ነው። በዚህስ ቅሬታ የለኝም። ሰኞ ለአሳታሚው የሚሰጠውን ወረቀት እንፈርማለን፤ «ዜማና ግጥም» የሚለው ቦታ ላይ የእሱ ስም ብቻ አለ፣ ለአሠራር እንዲቀል ነው ብሎኛል። የእኔ ችግር የድምፁ ነገር ነው። ምን ብዬ ልንገረው? ደግሞስ፣ እኔ የዜማ ደራሲ ነኝ ማለት እችላለሁ? ወይስ ኪቦርድ ተጫዋች ብቻ ነኝ?

ሆደ ባሻ የተባልኩት

*

እህቴ፣ ሰኞ እንዳትፈርሚ።

«ለአሠራር እንዲቀል» የሚለውን ሳነብ ደሜ ፈላ። ዘፈኑ በሬዲዮ በተላለፈ፣ ሌላ ሰው በዘፈነው ቁጥር የሚመጣው የደራሲነት ክፍያ የሚሄደው ስሙ ለተመዘገበው ነው። አንቺ መድረክ ላይ የተጫወትሽበትን ታገኛለሽ፤ ከባንዱ የወጣሽ ዕለት እሱም ይቆማል። ዜማሽ ግን ሌላ ሰው ማብላቱን ይቀጥላል።

ፕሮኮል ሀረም በሚባለው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች የነበረውን ማቲው ፊሸርን አስቢ። እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣውን «ኤ ዋይተር ሼድ ኦቭ ፔል» የተባለ ዘፈናቸውን የሰማ ሰው ቶሎ የሚያንጎራጉረው የእሱን ኦርጋን ነው። በደራሲነት የተመዘገቡት ግን ዘፋኙና ገጣሚው ብቻ ነበሩ። ፊሸር የከሰሰው በ2005 ነው። በ2006 ከዜማው መብት 40 በመቶ ተፈረደለት፤ በ2008 ይግባኝ ሰሚው ዘግይተሃል ብሎ ገንዘቡን ከለከለው፤ በ2009 ያኔ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ሰጪ የነበረው የሎርዶች ምክር ቤት የገቢ ድርሻውን መለሰለት። ከክሱ በፊት የነበረው የ38 ዓመት ገቢ ግን ቀርቶበታል። አንቺ ደግሞ የሰጠሽው ሙሉ ዜማ ነው፣ ያውም የ6 ዘፈን!

ሰው የሚመጣው ለዘፋኙ ነው ብለሽ እንዳትሞግቺኝ። የአሜሪካ ሮክ ባንድ የነበሩት ዘ ዶርስ ጂም ሞሪሰንን የመሰለ ዘፋኝ ይዘው በመጀመሪያዎቹ አልበሞቻቸው የራሳቸውን ዘፈኖች በባንዱ ስም አስመዝግበው፣ ገቢውን ለ4 እኩል ይካፈሉ ነበር። ኪቦርዱን የሚጫወተው ሬይ ማንዛሬክ ከሞሪሰን እኩል ይደርሰው ነበር ማለት ነው።

ስልክሽን አሁኑኑ አውጪ። ቅጂዎቹን ከነቀናቸው፣ ከላክሽባቸው መልእክቶች ጋር ሌላ ቦታ አስቀምጪ፤ የልጅሽ ሳል ያለበትን ደግሞ በተለይ። ከዚያ ባንዱን ሰብስቢና በየዘፈኑ የማን ድርሻ ስንት በመቶ እንደሆነ ጽፋችሁ ሁላችሁም ፈርሙበት። ግጥሙ የእሱ ነው፣ አትንኪበት። እምቢ ካለ ወረቀቱን የቅጂ መብት ለሚያውቅ ጠበቃ አሳዪ። አልበሙ ቢዘገይ ይዘግይ።

11 ዓመት ተጫውተሽ፣ እንቅልፍሽን አጥተሽ ዜማ እየሠራሽ «ደራሲ ነኝ ወይ?» ማለትሽ አንጀቴን በላው። ነሽ እንጂ! ስምሽ በ6ቱ ዘፈኖች ላይ ሲሰፍር ጻፊልኝ፤ የሚክሰሩን ነገር ያን ጊዜ እናወራለን።